«ባዶ መስሎኝ ነበር»

ውድ ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ በቀዶ ሕክምና ሙያ ስሠራ፣ በጥይት የቆሰለ ሰው ተሸክመው ከመጡ ቤተሰቦችና ጓደኞች ደጋግሜ የሰማሁት ቃል «ባዶ መስሎኝ ነበር» የሚል ነው። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ አብዛኞቹ የቆሰለውን ሰው ከማንም በላይ የሚወዱ፣ ደም በነካው እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው ኮሪደር ላይ የሚያለቅሱ ነበሩ። መሣሪያ ስለ መያዝ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት እነሱን እያሰብኩ ነው።

መሣሪያ ባዶ ሳይሆን ባዶ የሚመስለው እንዲህ ነው። ጥይቱ የሚደረደርበት ካዝና ከሽጉጡ ሲወጣ ጥይቱ ሁሉ አብሮ የወጣ ይመስላል፤ መሣሪያው አስቀድሞ ተቀባብሎ ከነበረ ግን አንድ ጥይት እንደ ጎረሰ ይቀራል፣ በአብዛኞቹ ሽጉጦችም ቃታው ከተሳበ ያ አንዱ ይተኮሳል። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች መጀመሪያ ካዝናውን ያወጣሉ፣ ቀጥለው የጎረሰውን ያስተፋሉ፣ ከዚያም ዓይናቸውን ብቻ ስለማያምኑ በጣታቸው ዳስሰው ያረጋግጣሉ፤ ይህን ሁሉ ሲያደርጉ አፈሙዙ ሰው ወዳለበት አይዞርም። ጓደኛቸው «አሁን አይቼዋለሁ» ብሎ ቢያቀብላቸው እንኳ ራሳቸው እንደገና ያያሉ። ይህን እንደ ንቀት የሚቆጥር ሰው መሣሪያ ባይዝ ይሻለዋል።

ከጠመንጃ የወጣ ጥይት ፍጥነቱ ከድምፅ ፍጥነት እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። ሰውነት ውስጥ ሲገባም በዙሪያው ያለውን ሥጋ ለቅጽበት ገፍቶ ስለሚወጥረው፣ ከውጭ የጣት ጫፍ የምታክል ቀዳዳ አይተን ሆድ ስንከፍት የተበጣጠሰ ጉበት ያገኘንባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ እኔም አጥፍቻለሁ። ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ነበረኝ፤ ቁም ሣጥን ላይ፣ በታጠፈ ብርድ ልብስ ሥር አስቀምጠው ነበር። ስድስት ዓመት የሞላት ልጄ አንድ ማታ «አባዬ፣ ያ ጥቁሩ ነገር አሁንም ብርድ ልብሱ ሥር ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መቼ እንዳየችው፣ በምን ላይ ቆማ እንደደረሰችበት እስከ ዛሬ አላውቅም። በማግስቱ ቁልፍ ያለው የብረት ሳጥን ገዛሁ፣ ጥይቱንም ለብቻው ሌላ ቦታ ቆለፍሁት።

ቁልፉ የሚጠብቀው ሕፃናትን ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በጦር መሣሪያ ከሚሞቱት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ያጠፉ ናቸው። እንዲህ ያለው የጭንቅ ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚያልፍ ስለሆነ፣ ከቤታችሁ ሰው ጭንቀት ወይም ሐዘን ተጭኖት ካያችሁ መሣሪያው ለጊዜው ከቤት ይውጣ፤ ሰውየውንም ብቻውን አትተዉት።

በእኔ ወጣትነት መሣሪያ የያዘን ሰው የት ታስቀምጣለህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነበር። አሁን አመለካከቱ በየአገሩ እየተለወጠ ነው፤ ሆኖም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም። በአውስትራሊያ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. በፖርት አርተር 35 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ፣ መንግሥት ዋጋ እየከፈለ 650,000 ያህል መሣሪያ ሰብስቧል፤ ካስረከቡት መካከል ምንም ጥፋት ያልነበረባቸው ብዙዎች ነበሩ። በሌላ በኩል ጎረቤቱን ፈርቶ የሚታጠቅ ሰው አለ፤ ጎረቤቱም እሱን አይቶ ይታጠቃል። ስለ ጦር መሣሪያ የሚያጠናው ስሞል አርምስ ሰርቬይ የተባለው የምርምር ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በዓለም ላይ ከነበረው ከአንድ ቢሊዮን በላይ መሣሪያ 857 ሚሊዮን ያህሉ በሲቪሎች እጅ እንደነበር ገምቷል። ሕግ አክብሮ የያዘውን ሰው አልነቅፍም፤ ስለ አያያዙ ሲጠየቅ የሚቆጣውን ግን እፈራዋለሁ።

ያቺ ልጄ ዛሬ እናት ናት። ልጇን ለጨዋታ ወደ ጓደኛው ቤት ስታደርስ አብሬያት ነበርሁ፤ እንደ ተራ ነገር «መሣሪያ ቤት ውስጥ አለ? ተቆልፏል?» ብላ ጠየቀች። እኔ አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። የቤቱ እመቤት ግን ምንም ሳይከፋት ወደ ውስጥ ጠርታን፣ ሳጥኑን በእጇ ነቅንቃ መቆለፉን አሳየችን።