ለእባቡ ምን ላንጥፍለት?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ ነው። ወደ አገሩ የተመለሰ የውጭ ዜጋ ጓደኛዬ ኮርን ስኔክ የሚባል እባቡን ትቶልኝ ሄደ። ከመጣ ጀምሮ ተደብቋል፣ አይበላም። ከሥሩስ ምን ላንጥፍ? የቡና ገለባ እዚህ በሽ ነው፣ የጥድ ፍቅፋቂም ከአናጺ በነጻ አገኛለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ተረጋጋ። ኮርን ስኔክ የአሜሪካ እባብ ነው፣ መርዝ የለውም፣ አዲስ ቤት ሲገባ መደበቁም ያለ ነው። ሳምንት ያህል አትንካው። ውሃውን ብቻ ቀይር፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያወጣህ የምታሳየው ከሆነማ አይበላም። ከዚያ ከወገቡ እምብዛም የማይወፍር አይጥ ስጠው፣ ከበላ በኋላም 2 ቀን እጅህን ሰብስብ። ቤት ውስጥ የተያዘ አይጥ ግን በፍጹም! የአይጥ መርዝ በልቶ ሊሆን ይችላል።

ጥዱን እርሳው። ያ ደስ የሚል ሽታው ከዘይቱ ነው የሚመጣው፣ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ደግሞ የእባቡን መተንፈሻ ይጎዳል። የቡና ገለባም ብናኝ አለው፣ በጅማ እርጥበት ቶሎ ይሻግታል። ለጊዜው ጋዜጣ ደራርበህ አንጥፍ፣ መሸጎጥ ስለሚወድ ከላይ የተጨማደደ ወረቀት ጣል አድርግበት። ሲቆሽሽ ጠቅልሎ መጣል ነው። አያምርም፣ ግን ይሠራል።

ሙቀቱን አደራ። የሳጥኑ አንዱ ጫፍ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ፣ ሌላው 24 አካባቢ ይሁን፣ መደበቂያም በሁለቱም በኩል አድርግለት። ከበረደው የበላው አይፈጭለትም፣ የጅማን ሌሊት ደግሞ ታውቀዋለህ። ክዳኑን በደንብ ቆልፍ፣ ሾልኮ ጎረቤት ከገባ እኔ የለሁበትም።