ስለ ታታሮች ለጠየቃችሁኝ

በ2024 የብሪክስ ጉባኤ በሩሲያ ውስጥ ባለችው የታታሮች ሪፐብሊክ በታታርስታን ዋና ከተማ በካዛን ተካሂዶ ኢትዮጵያም በአባልነት ከተቀመጠችበት ወዲህ፣ ስለ ታታሮች የሚጠይቁኝ አንባቢዎች በዝተዋል። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ታታሮች የጄንጊስ ካን ሞንጎሎች አይደሉም እንዴ? (ከደሴ)

መልስ፦ አይደሉም። የካዛን ታታሮች ቋንቋቸው ከቱርክ ቋንቋዎች ወገን ነው፤ ከቅድመ አያቶቻቸው መካከል የቮልጋ ወንዝ ዳር ቡልጋሮች ይገኛሉ። ቡልጋሮቹ በ922 እስልምናን ሲቀበሉ ጄንጊስ ካን ገና አልተወለደም። ሞንጎሎች የወረሯቸው በ1236 ነው። ስሙ ግን ተለጥፎባቸው ቀረ፤ ሩሲያውያን በሞንጎል ግዛት ሥር የነበረውን ሕዝብ በጅምላ «ታታር» ይሉት ነበርና። በሜይ 1944 ስታሊን ከነቤተሰባቸው ያጋዛቸው የክራይሚያ ታታሮችም ስሙን ይጋራሉ እንጂ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ሌላ ሕዝብ ናቸው።

ጥያቄ፦ ኢስታንቡል ስለምሠራ ቱርክኛ እሞካክራለሁ። ታታርኛ ይገባኛል?

መልስ፦ ቃላት ይለቅማሉ፤ ወሬ መከታተል ግን ይቸግርዎታል። ታታርኛ የሚቀርበው ለባሽኪርኛና ለካዛክኛ ነው። አሠራሩን ግን ያውቁታል፦ «ባላ» ልጅ፣ «ባላላር» ልጆች፣ «ባላላርብዝ» ልጆቻችን፣ «ባላላርብዝጋ» ለልጆቻችን። ሁሉም ከኋላ ይቀጠላል። ግስ እንደ አማርኛው መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ «እሱ» እና «እሷ» ግን አይለዩም።

ጥያቄ፦ በምን ፊደል ይጽፋሉ?

መልስ፦ ይኼ ጥያቄ ሆድ ያባባል። ለዘመናት በዐረብ ፊደል ሲጽፉ ኖሩ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ሶቪየቶች ላቲን አደረጉት፤ በ1939 ደግሞ ሲሪሊክ፣ ማለትም ሩሲያኛ የሚጻፍበት ፊደል። ሁለት ለውጥ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ! አያት ለልጅ ልጁ የጻፈው ደብዳቤ ሳይነበብ ይቀራል ማለት ነው። በ26 ዓመቱ የሞተው ታላቁ ገጣሚ ጋብዱላ ቱካይ ግጥሞቹን የጻፈው በዐረብ ፊደል ነበር፤ የዛሬ ተማሪዎች የሚያነቡት በሲሪሊክ ነው። ታታርስታን በ1999 ወደ ላቲን ልመለስ ብላ ሕግ አወጣች። ሞስኮ በ2002 ሲሪሊክን በሕግ ግዴታ አደረገች፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱም በ2004 አጸናው።

ጥያቄ፦ ቋንቋው ይጠፋል ብለው ይሰጋሉ?

መልስ፦ እሰጋለሁ። ከ2017 ወዲህ በታታርስታን ትምህርት ቤቶች ታታርኛ ግዴታ መሆኑ ቀርቶ ወላጅ ሲፈቅድ ብቻ፣ በሳምንት ቢበዛ ሁለት ሰዓት ሆኗል። «ፈቃድ» ሲባል ደስ ይላል፤ የዩኒቨርሲቲ መግቢያው ፈተና በሩሲያኛ ብቻ ሲሆን ግን የትኛው ወላጅ ነው ልጁን የሚያዘገይ? በ2010 የሩሲያ ቆጠራ 5.3 ሚሊዮን ገደማ የነበሩት ታታሮች በ2021 ወደ 4.7 ሚሊዮን ወርደዋል። ቆጠራው ራሱ ብዙ ቢተችም፣ ቁጥሩ ያስደነግጣል።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሙስሊሞች ናቸው?

መልስ፦ አብዛኞቹ ሱኒ ናቸው። ክሪያሼን የሚባሉት ግን ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ናቸው፤ በታታርኛም ይቀድሳሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለትምህርት ካዛን ልሄድ ነው። ታታርኛ ልማር?

መልስ፦ መጀመሪያ ሩሲያኛህን አጥብቅ፤ ትምህርቱም ኑሮውም በእሱ ነው። ከታታርኛ «ኢሳንሜሴዝ» ብለህ ሰላምታ መስጠትን፣ «ረህመት» ብለህ ማመስገንን ያዝ። ቤታቸው ከጋበዙህ ደግሞ ከሻይ ጋር ቻክቻክ ይቀርብልሃል፤ የተጠበሰ የሊጥ ፍርፋሪ በማር ተለውሶ የተከመረ ነው። ጥርስህን ጠብቅ እንጂ ግሩም ነው።