የቡናው ሒሳብ ለምን ኔጋቲቭ ወጣ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ለአጎቴ የቡና መጋዘን በጃቫ ፕሮግራም እየሠራሁ ነው። ብሩን የምይዘው በሳንቲም ነው። 60,000 ኪሎ ቡና በ400 ብር፣ ማለትም በ40,000 ሳንቲም ሳባዛው -1,894,967,296 አለኝ። ኢንት (የጃቫ መደበኛ ሙሉ ቁጥር) ስለማይበቃ ነው ሲሉኝ ድምሩን ሎንግ (ሰፋ ያለው ሙሉ ቁጥር) አደረግኩት፤ ያው ነው። ጓደኛዬ በሌላ የፕሮግራም ቋንቋ፣ በፓይተን፣ ሲሞክረው ልክ መጣለት። ደብል (ነጥብ ያለው ቁጥር) ተጠቀም የሚሉኝም አሉ። ምን ይሻለኛል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብሉን ተወው። በሳንቲም መያዝህ ትክክል ነው። በደብል 0.1 እና 0.2 ስትደምር 0.30000000000000004 ነው የሚሰጥህ። በሰው ገንዘብ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልወድም።

ችግሩ ያለው ከእኩል ምልክቱ በስተቀኝ ነው። ጃቫ ሲያባዛ መልሱ የት እንደሚቀመጥ አያይም፤ የሚያየው የሚባዙትን ነው። ኪሎውም ዋጋውም ኢንት ከሆኑ ብዜቱም ኢንት ነው። ኢንት 32 ቢት ስለሆነ ከ2,147,483,647 በላይ አይዝም። ያንተ መልስ 2,400,000,000 ነው፤ ስለዚህ ዞሮ በኔጋቲቭ በኩል ይገባል። 4,294,967,296 ቀንስበት፣ ያችኑ ያየሃትን ቁጥር ታገኛለህ። ሎንጉ የደረሰው ከተበላሸ በኋላ ነው። በሲኒ ለክተህ ጆግ ውስጥ ብትገለብጠው የፈሰሰው አይመለስም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከኪሎውና ከዋጋው አንዱን ሎንግ አድርገው። ካስት የምታደርግ (ዓይነቱን እዚያው የምትቀይር) ከሆነም ኪሎው ላይ አድርግ። ብዜቱን በቅንፍ ዘግተህ ሎንግ ብትለው ረፍዷል።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ኔጋቲቭ መምጣቱ በጀህ፤ ስህተቱ ዓይንህ ላይ ወደቀ። ኪሎው 120,000 ቢሆን ኖሮስ? ትክክለኛው 48 ሚሊዮን ብር ነው። ኢንቱ የሚሰጥህ ግን 505,032,704 ሳንቲም፣ ማለትም 5,050,327 ብር ከ4 ሳንቲም ነው። ፖዘቲቭ ነው፣ ከነሳንቲሙ ያማረ ቁጥር ነው። አጎትህ አምኖ ይፈርምበታል! ጃቫ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ለዚህ ነው ገንዘብ የሚነካ ብዜት ሁሉ በማዝ መልቲፕላይ ኤግዛክት (Math.multiplyExact) እንዲያልፍ የምመክርህ። ከጃቫ 8 ጀምሮ አለ። ቁጥሩ ከአቅም ሲያልፍ ኤክሴፕሽን (የስህተት ማስታወቂያ) ወርውሮ ይቆማል። ሥራ ቢቆም ይሻላል።

ጓደኛህ ልክ የመጣለት የፓይተን ኢንቲጀር ሜሞሪው እስከፈቀደ ድረስ ስለሚያድግ ነው። ዳታቤዝ ላይ ግን እሱም ይጠንቀቅ። የማይኤስኪውኤል ኢንትም እዚያው 2,147,483,647 ላይ ይቆማል፤ ሁለታችሁም ቢግኢንት (የዳታቤዙ ሰፊ ሙሉ ቁጥር) አድርጉት።

የደንበኞቹን ስልክ ደግሞ በኢንት እንዳትይዝ። በ09 የሚጀምረው ፊት ያለችው ዜሮ ትጠፋለች፤ በ251 ከጀመርክማ ጭራሽ አይገባም። ስልክ አይደመር፣ አይባዛ፤ ስትሪንግ (ጽሑፍ) አድርገው።