የድሮ ኮምፒውተር ሜሞሪ ወሰኑ ከየት መጣ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ 4 ጊጋባይት ራም ሰክቼ 32 ቢት ዊንዶውስ 3.25 ብቻ ያሳየኛል። ራሙ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ራምህ ደህና ነው፣ ሌላ እንዳትገዛ። 32 ቢት አድራሻ የሚደርሰው እስከ 4 ጊጋባይት ነው። ግን አድራሻ የሚፈልገው ራም ብቻ አይደለም፤ ቪዲዮ ካርዱም፣ ባዮሱም (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም)፣ ሌሎቹም ካርዶች ከዚያችው 4 ጊጋ ላይ ይወስዳሉ፤ እነሱ በያዙት አድራሻ ላይ የሚውለው ራም ተሰክቶም አይታይም።

ጥያቄ፦ 64 ቢት ዊንዶውስ ብጭንስ?

መልስ፦ ማዘርቦርዱ ከፈቀደ ይስተካከላል። ቺፕሴቱ (የማዘርቦርዱ ዋና ቺፖች) እንደ ኢንቴል 945 ያለ ከሆነ ግን ያው ነው። መጀመሪያ ቺፕሴቱን እይ።

ጥያቄ፦ ከዊንዶውስ በፊት የነበረው የዶስ የ640 ኪሎባይት የሜሞሪ ወሰንስ?

መልስ፦ ሰው ሁሉ ዶስን ይወቅሳል፣ ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው አይቢኤም ፒሲ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል 8088 ነው፤ የአድራሻ መስመሮቹ 20 ናቸው። 20 ሁለቶችን እርስ በርስ ብታባዛቸው 1,048,576 ባይት ይመጣል፣ 1 ሜጋባይት ማለት ነው። አይቢኤም የላይኛውን 384 ኪሎባይት ለስክሪን፣ ለካርዶችና ለባዮስ ያዘው። የተረፈው 640 ነው።

ጥያቄ፦ የ8088 ሬጂስተር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ቁጥር የሚያዝበት ቦታ) 16 ቢት ነው። 20 ቢት አድራሻ እንዴት ያወጣል?

መልስ፦ ጎበዝ፣ ዋናውን ነገር ነው የጠየቅሽው። ሰግመንት (መነሻው) እና ኦፍሴት (ከመነሻው ያለው ርቀት) በሚባሉ ሁለት ቁጥሮች ነው፤ ሰግመንቱን በ16 ታባዢና ኦፍሴቱን ትደምሪያለሽ። ሰግመንት 1000፣ ኦፍሴት 20 ቢሆን 16,020 ይሆናል። አሁን ሰግመንት 1001፣ ኦፍሴት 4 አድርጊና አስይው፤ እሱም 16,020 ነው! አንድ ቦታ ብዙ አድራሻ አለው። በድሮ ሲ ኮድ ሁለት ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ የሚይዙ) እያወዳደርሽ "እኩል አይደሉም" ካለሽ፣ አንድ ቦታ እያመለከቱም ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ኤ20 የሚባለው የአድራሻ መስመርስ?

መልስ፦ ከላይኛው ስሌት የመጣ ነው። ሰግመንቱም ኦፍሴቱም 65,535 ሲሆኑ ድምሩ 1,114,095 ነው፣ ከ1 ሜጋባይት ያልፋል። 8088 ላይ 21ኛ መስመር ስለሌለ አድራሻው ዞሮ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ በዚህ መመለስ የሚተማመኑ ፕሮግራሞችም ነበሩ። በኋላ 80286 የሚባለው ፕሮሰሰር በ24 መስመር ሲመጣ መመለሱ ቀረ። ስለዚህ አይቢኤም በ1984ቱ ኤቲ ኮምፒውተሩ ላይ 21ኛውን መስመር የሚዘጋና የሚከፍት በር አስገባ፤ መቆጣጠሪያውም፣ አትደነቁ፣ በኪቦርዱ ቺፕ በኩል ነው! ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር ነው ኤ20 የተባለው። በኋላ ሃይሜም የሚባል የዶስ ፕሮግራም በሩን ከፍቶ፣ የ1991ዱ ኤምኤስ ዶስ 5 የራሱን ክፍል ከ1 ሜጋባይት በላይ ባለችው፣ 64 ኪሎባይት በማትሞላ ቦታ ላይ መጫን ቻለ። ዛሬም ዶስ የምታስነሱ ከሆነ መጀመሪያ ሃይሜምን ጫኑ፣ CONFIG.SYS በሚባለው ፋይል ላይም DOS=HIGH ብላችሁ ጻፉ፣ ከ640ው ላይ ብዙ ቦታ ይለቀቅላችኋል።