ኢቡካችሁን "አፕሩቭድ" ከማለታችሁ በፊት

ባለፈው ሜሪላንድ ያሉ አንድ ጋሼ ደወሉልኝና "አንተ ልጅ፣ ያ መፅሀፌን ኢቡክ አደርግልሀለሁ ያለኝ ሰውዬ የማይከፈት ነገር ልኮ ብሬን በላኝ መሰለኝ" አሉኝ። ማታ ማታ ከታክሲ ስራ ሲገቡ ስንት አመት የፃፉት ማስታወሻ ነው፣ ድምፃቸው ራሱ ይንቀጠቀጣል። ላኩልኝ ብዬ ስከፍተው ፋይሉ ምንም አልሆነም። ለካ ዊንዶውስ ላፕቶፓቸው ላይ ደብል ክሊክ ሲያደርጉት "በምን ልክፈተው" ብሎ ይጠይቃቸዋል፣ እሳቸው ሁሉንም ነገር የሚከፍቱት በዎርድ ስለሆነ ዎርድ ይሉታል፣ ዎርድ ደግሞ አላውቀውም ይላል፣ በቃ ይሄው ነው ጉዱ።

እኔም የመጀመሪያ መፅሀፌ ጊዜ ከዚህ የባሰ ነው የሰራሁት። ኢቡኩን የሰራልኝ ድርጅት (ስሙ ይቅር) ከመውጣቱ በፊት እንዳየው አርብ ቀን ሊንክ ላከልኝ፣ ስራ ላይ ነበርኩ፣ ስልኬ ላይ ከፍቼ ሽፋኑን አየሁ፣ አማረኝ፣ ሁለት ምእራፍ እንዲሁ በጣቴ አገላበጥኩና "አፕሩቭድ፣ ታንክ ዩ" (ተቀብያለሁ፣ ይውጣ) ብዬ መለስኩ። መፅሀፉ ወጥቶ በሁለተኛው ሳምንት ዱባይ ያለች የአክስቴ ልጅ ስክሪንሾት ላከችልኝ፣ የአያቴ ሙሾ ስንኙ ሁሉ ተገጣጥሞ እንደ ፖሊስ ሪፖርት አንድ አንቀፅ ሆኗል። ድርጅቱን አስተካክሉልኝ ስል "አንተ አፕሩቭ አድርገሀል፣ አሁን ተጨማሪ ክፍያ አለው" አሉኝ፣ ውላቸውን ሳየው እውነታቸውን ነው፣ ከፈልኩ። ስለዚህ ይሄን የምፅፈው አዋቂ ስለሆንኩ ሳይሆን የከፈልኩበት ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ፋይሉ ምን እንደሆነ እንግባባ። የሚላክላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ኢፐብ የሚባለው ነው። ኢፐብ ማለት ውስጡ ልክ እንደ ዌብሳይት የተሰራ፣ ምእራፎቹ፣ ስእሎቹ፣ ፎንቱ (የፊደሉን ቅርፅ የያዘው ፋይል) አንድ ላይ በዚፕ የታሰረ ነገር ነው። ለዚህ ነው እንደ ፒዲኤፍ ቋሚ ገፅ የሌለው፣ ስልክ ላይ 600 ገፅ የሚሆነው ታብሌት ላይ 250 ሊሆን ይችላል፣ አንባቢው ፊደል ሲያሳድግ ደግሞ ይቀየራል። "የወረቀቱ ላይ ምእራፍ ሶስት ገፅ 47 ላይ ነበር፣ እዚህ ለምን 112 ሆነ" ብላችሁ አትጣሉ፣ እኔ ተጣልቼ ታዝቤአለሁ።

አከፋፈቱ ቀላል ነው። አይፎንና ማክ ካላችሁ አፕል ቡክስ ይከፍተዋል፣ አንድሮይድ ከሆነ ጉግል ፕሌይ ቡክስ ላይ አፕሎድ አድርጉት። ዊንዶውስ ላይ ድሮ ኤጅ ብራውዘር ይከፍት ነበር፣ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ስላቆመ ቶሪየም ሪደር ወይም ካሊበር ጫኑ፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ሊንኩ ጉግል ድራይቭ ከሆነ እዛው ብራውዘሩ ላይ አይታችሁ አትተዉት፣ ዳውንሎድ የሚለውን ተጫኑና ወደ ራሳችሁ ፎልደር አስገቡት። እንደ ዊትራንስፈር ያለው ሊንክ ደግሞ ቀን አለው፣ "ቅዳሜ አየዋለሁ" ስትሉ ያልፍበታል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። ኢቡኩን ለሚሰራው ሰው ስህተቱን ትነግሩታላችሁ፣ አስተካክሎ ሁለተኛውን ፋይል ይልካል፣ እናንተ ትከፍታላችሁ፣ ስህተቱ እዛው ነው፣ "ሰውዬው ምንም አልነካውም" ብላችሁ የተናደደ ኢሜይል ትፅፋላችሁ። ብዙ ጊዜ የከፈታችሁት ግን አሮጌውን ነው። ዳውንሎድ ፎልደራችሁ ውስጥ አንድ አይነት ስም ያለው ፋይል ከነ ቅንፍ አንድ፣ ቅንፍ ሁለት ተደርድሯል፣ ስልኩ ላይ ባለው የማንበቢያ አፕ ላይብረሪ ውስጥ ደግሞ የድሮው ከነ ሽፋኑ ቁጭ ብሏል፣ ሽፋኑ ያው ስለሆነ አትለዩትም። እኔ አሁን አዲስ ሲመጣ አሮጌውን ከላይብረሪው አጠፋለሁ፣ አዲሱን ደግሞ ቀኑን ስሙ ላይ እፅፍበታለሁ፣ በዚህ ምክንያት ከስንት ፀብ ድኛለሁ።

የት ታነቡታላችሁ ካላችሁኝ፣ አንባቢያችሁ በሚያነብበት ላይ። የኛ ሰው ባብዛኛው በስልክ ነው የሚያነበው፣ ቤሩት ያለችውም፣ ቴላቪቭ ያለውም፣ አዲስ አበባ ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመውም። ስለዚህ ቢያንስ አንድ አይፎንና አንድ ርካሽ አንድሮይድ ላይ እዩት፣ አንድሮይዱን ከጓደኛ ተዋሱ። ኪንድል (የአማዞን የኢቡክ ማንበቢያ) ላይ የሚወጣ ከሆነ አማዞን ኪንድል ፕሪቪወር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለው፣ ስልክ ላይ ታብሌት ላይ እንዴት እንደሚመስል ያሳያችኋል፣ ወይም ኢፐቡን ሴንድ ቱ ኪንድል በሚባለው የአማዞን መላኪያ ወደ ራሳችሁ ኪንድል ላኩት። ሞቢ የሚባል የድሮ የኪንድል ፋይል ብቻ የሚልክላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ግን ስራው ያረጀ ነው፣ ኢፐቡን ጠይቁት።

መፅሀፋችሁ በአማርኛ ከሆነ ፈረንጅ ቴክኒሻን የማያየው የራሱ የሆነ ጣጣ አለው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ።

አንደኛው ሳጥን ነው። ፊደሉ ጠፍቶ ባዶ አራት ማእዘን ከመጣ፣ መሳሪያው የግእዝ ፎንት የለውም፣ መፅሀፉም ውስጥ አልታሰረም ማለት ነው። ፎንቱ እናንተ ስልክ ላይ ስላለ ሳጥኑን እናንተ አታዩትም፣ ሌላው ሰው ጋ ይወጣል። የፋይሉን ኮፒ ወስዳችሁ የስሙን መጨረሻ ከ .epub ወደ .zip ቀይሩትና ክፈቱት፣ ውስጡ ፎንት የሚል ፎልደር አለ ወይ? ከሌለ ጠይቁ። ፎንቱ ደግሞ ዝም ብሎ አይታሰርም፣ ኒያላ የሚባለው የማይክሮሶፍት ንብረት ነው፣ አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና የኖቶ የግእዝ ፎንቶች ግን በነፃ ፈቃድ የወጡ ስለሆኑ መፅሀፍ ውስጥ ማሰር ይቻላል፣ እነሱን በሉት።

ሁለተኛው ብልሀት ተብዬ ነው። አንዳንዱ ሰራተኛ የፎንቱ ነገር ሲያስቸግረው ገፁን በሙሉ ስእል አድርጎ ያስገባዋል። ሲታይ በጣም ያምራል፣ ሳጥን የለ ምን የለ። ግን ፊደሉን ለማሳደግ ሞክሩ፣ ካላደገ ስእል ነው። እናታችሁ መነፅር አድርገው ስልክ ላይ ሊያነቡ ሲሞክሩ ምን እንደሚሆን አስቡት፣ ቃል መፈለግም አይቻልም፣ ፋይሉም ያብጣል። እኔ ይሄን በጭራሽ አልቀበልም።

አራት ነጥቡንም ተመልከቱ። ገሚሶቻችን ሁለት ነጥብ ሁለቴ እንመታለን፣ ገሚሶቻችን ትክክለኛውን ። እንመታለን፣ ኮምፒውተር ላይ የተማርነው ደግሞ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ደጋግመን እንሄዳለን፣ አንድ መፅሀፍ ውስጥ ሶስቱም ሲደባለቁ ያስጠላል። የባሰው ግን ከአራት ነጥቡ በፊት ስፔስ የምንመታው ነው፣ "ነው ።" አይነቱ። ወረቀት ላይ መስመሩ ቋሚ ስለሆነ ማንም አያየውም፣ ስልክ ላይ ግን መስመሩ በተቀየረ ቁጥር አራት ነጥቡ ብቻውን አዲስ መስመር መጀመሪያ ላይ ይንጠለጠላል፣ እንደ ጠፋ ልጅ። ይሄ በዎርድ ላይ በፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ (ፈልጎ በሚተካው) አስር ደቂቃ የማይፈጅ ስራ ነው፣ ፋይሉን ከመስጠታችሁ በፊት ጨርሱት።

ከዛ ደግሞ በሁለቱም በኩል እኩል የተሰለፈው ፅሁፍ አለ። አማርኛ ቃሉ ይረዝማል፣ "እንዳልተናገርኩላችሁም" አይነቱ ጠባብ ስክሪን ላይ ሲመጣ ቀሪው መስመር እየተለጠጠ በቃላቱ መሀል ሜዳ ይከፈታል። በግራ ብቻ ይሰለፍ በሉ፣ ያምራል አያምርም ክርክር አትግቡ፣ ስልክ ላይ አሳዩት።

የድሮ ፅሁፍ ያላችሁ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ግእዝ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል የሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሰንጠረዥ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዛ በፊትና ከዛም በኋላ ለረጅም ጊዜ እነ ቪዥዋል ግእዝና እነ ፓወር ግእዝ በሚባሉ የድሮ መፃፊያ ፕሮግራሞች ስንፅፍ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጠው በላቲን ፊደል ቦታ ነበር፣ ፎንቱ ሲነሳ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። በኮንቨርተር (የድሮውን ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም) ይለወጣል፣ ግን ከተለወጠ በኋላ እነ ኳ፣ ጓ፣ ቧ፣ ሟ በቦታቸው መኖራቸውን በአይናችሁ እዩ፣ "ቋንቋ" የሚለውን ቃል ብቻ ፈልጋችሁ ብታዩ እንኳን ብዙ ነገር ታውቃላችሁ። ስትፈልጉ ደግሞ ፀሐይ፣ ጸሀይ፣ ፀሀይ ለኛ አንድ ነው ለሰርች ግን ሶስት ቃል ነው፣ የዋናው ገፀ ባህሪ ስም እንኳን አንድ አይነት ይሁን፣ ኃይሌ ምእራፍ አምስት ላይ ሀይሌ እንዳይሆን።

ሌላው ስማችሁ ነው። ፈረንጁ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚያይ፣ አበበ ከበደ ብላችሁ የሰጣችሁት በካታሎግ ውስጥ "ከበደ፣ አበበ" ሆኖ ይገባል፣ አባታችሁ ደራሲ ሆኑ ማለት ነው። እንደዛ ይሁን ካላችሁ ይሁን፣ ግን እያወቃችሁ ይሁን፣ ካልፈለጋችሁም ከመጀመሪያው ንገሩ። በእንግሊዝኛ ስትፅፉትም አንዱ መፅሀፍ ላይ በአንድ ኤስ ሌላው ላይ በሁለት ኤስ ከሆነ ሁለት ሰው ትሆናላችሁ። የፋይሉ ቋንቋም አማርኛ ተብሎ መመዝገቡን ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ ተብሎ ይቀራል። የመብት ገፁ ላይ ደግሞ ሀገር ቤት ስልክና ፖስታ ሳጥን ቁጥር ማስገባት ልማዳችን ነው፣ ኢቡክ ግን የት እንደሚደርስ አይታወቅም፣ የቤት አድራሻና የግል ስልክ አውጡና አንድ ኢሜይል አድርጉ።

ማውጫውን አንድ በአንድ ተጫኑት፣ የግርጌ ማስታወሻውንም፣ ሄዶ መመለሱን እዩ። ግጥም ካለ እያንዳንዱን ስንኝ፣ በትልቅ ፊደልም በትንሽ ፊደልም። ፎቶ ካለ የፋይሉን ክብደት እዩ፣ በተለይ በእንግሊዝኛ ፅፋችሁ አማዞን ላይ 70 ፐርሰንት ድርሻ በሚሰጠው አማራጭ የምትሸጡ ከሆነ፣ አሜሪካ ላይ በአንድ ሜጋባይት 15 ሳንቲም ማስተላለፊያ ይቆረጣል፣ 20 ሜጋባይት የሆነ የህፃናት መፅሀፍ በአንድ ኮፒ 3 ዶላር ከዋጋው ላይ ተነስቶ ነው ድርሻችሁ የሚሰላው። አማርኛ ለምትፅፉ ደግሞ፣ አማዞን የሚቀበላቸው ቋንቋዎች ዝርዝር አለው፣ አማርኛ ለረጅም ጊዜ ከዛ ዝርዝር ውጪ ነበር፣ ለኪንድል ፎርማት ሰው ከመቅጠራችሁ በፊት ዝርዝሩን ራሳችሁ እዩት። እንግሊዝኛ ነው ብሎ ሞልቶ ማስገባት ደግሞ መፅሀፉን ሊያስወርደው ይችላል።

ስህተት ስታገኙ እንዴት ትፅፉታላችሁ? ገፅ ቁጥር አትፃፉ፣ ቅድም እንዳልኩት ገፅ የለም። ምእራፉን፣ እንዳለ ያለውን አምስት ስድስት ቃል ኮፒ አድርጋችሁ፣ ከዛ "እንዲህ ይሁን" ብላችሁ ፃፉ። ኢቡኩን የሚሰራላችሁ ሰው አማርኛ የማይችል ከሆነ ይሄ ግዴታ ነው፣ ሰውዬው ቃሉን ኮፒ አድርጎ ፈልጎ ነው የሚያገኘው። ሁሉንም በአንድ ዶክመንት ሰብስባችሁ አንዴ ላኩ፣ በቫይበርም በዋትሳፕም በድምፅም እየቆራረጣችሁ ስትልኩ ግማሹ ይጠፋል፣ ውላችሁም ስንት ዙር እርማት በነፃ እንዳለው ይቆጥራል። እባካችሁ በዚህ ሰአት ድርሰቱን እንደ አዲስ አትፃፉ። አውቃለሁ ያሳክካል፣ ኢቡክ ሆኖ ስታዩት ምእራፍ ሁለት ቀዝቃዛ ይመስላል፣ ግን አሁን የምታዩት ፋይሉን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለማስነበብ ብላችሁ ኢፐቡን ወይም ፒዲኤፉን በቴሌግራም አትላኩ። ወዳጃችሁ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ለአንድ ሰው ብቻ ይልካል፣ ያም ለአንድ ሰው፣ ሳይሸጥ በነፃ ቻናል ላይ ታገኙታላችሁ። ጎበዝ አንባቢ ወዳጅ ካላችሁ ቤት ጠርታችሁ ቡና አፍልታችሁ በራሳችሁ ስልክ አስነብቡት፣ ጋሼ እንደዛ ነው ያደረጉት። ልጃቸው ስልኩን ይዛ ጮክ ብላ ስታነብ እሳቸው የወረቀቱን ይዘው ይከተላሉ፣ ሁለት እሁድ ፈጀባቸው፣ 31 ስህተት አገኙ፣ አንዱ የሚስታቸው ስም ነበር።

ጨርሰው "አሁን እሺ ልበለው?" ብለው ሲደውሉልኝ፣ የመጨረሻውን ኢፐብና የሰራበትን ኦርጅናል ፋይል ሁለቱንም ይላክልዎትና እሺ ይበሉት አልኳቸው፣ ምክንያቱም ነገ ሰውዬው ስልክ ቢቀይር ወይ ስራውን ቢተው አንድ ፊደል ለማስተካከል ከዜሮ መጀመር ነው። ልጅየዋ ኢሜይሉን ስትፅፍላቸው ከጀርባ "ቀኑንም ፃፊበት፣ ቀኑንም" ሲሉ ይሰማኛል።