ለሻጋታው ቤት ጥያቄ፦ ስልኩን ተይውና ጻፊ

ስምሽን ሳትገልጪ ለጠየቅሽው እህቴ። ጥያቄውን ላላነበባችሁ ባጭሩ፦ እህታችን ለንደን ውስጥ የሃውዚንግ አሶሴሽን (ማኅበራዊ ቤት የሚያከራይ ድርጅት) ቤት ትኖራለች። የልጆቹ መኝታ ክፍል ሻግቷል፣ ትንሹ ልጇ ያስለዋል፣ ስትደውል "መስኮት ክፈቺ" ይሏታል። የሕንፃው ዋና በር ከተሰበረ ከርሟል፣ የማታውቃቸው ሰዎች ደረጃው ላይ ያድራሉ። በዚያ ላይ እናቷ ቀዶ ጥገና ሊደረግላቸው ገብተው ሲ ዲፍ የሚባለውን ተቅማጥ የሚያመጣ ኢንፌክሽን ከሆስፒታል ይዘው ወጡ። "ለማን አቤት ይባላል?" ነው ያለችው።

ከሥር የተሰጡሽን መልሶች አየሁ። አንዱ ጠበቃ ያዢ ይላል፣ አንዷ ለፓርላማ ተወካይሽ ጻፊ ትላለች፣ አንዷ ደግሞ ዝም በይ ቤቱን ይቀሙሻል ብላሻለች። የመጨረሻዋን አትስሚያት። አቤት ማለት ተከራይን ከቤቷ ለማስወጣት ሕጋዊ ምክንያት አይደለም፣ ከሆም ኦፊስ (የመኖሪያ ፈቃድ) ጉዳይሽም ጋር አይገናኝም። እኔም እዚሁ ለንደን፣ እንዳንቺው በሃውዚንግ አሶሴሽን ቤት፣ በዚሁ ሻጋታ ደጅ ስጠና የከረምኩ ነኝና የማውቀውን በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. መደወል አቁሚና ጻፊ። በስልክ የምትናገሪው ሁሉ እነሱ መዝገብ ላይ "የጥገና ጥያቄ" ሆኖ ነው የሚሰፍረው። የጥገና ጥያቄ ደግሞ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሠራተኛ መጥቶ በር የሚከፍት አጣ ተብሎ ይዘጋል፣ ቀለም ተቀብቷል ተብሎ ይዘጋል። በሚቀጥለው ስትደውዪ አዲስ ሰው ያነሳና "ከመቼ ጀምሮ ነው?" ብሎ ከሀ ያስጀምርሻል። በኢሜይል "ይህ መደበኛ ቅሬታዬ ነው፣ ስቴጅ ዋን ይከፈትልኝ" ብለሽ ስትጽፊ ግን ቀኑ በእነሱ ላይ መቆጠር ይጀምራል። በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ቅሬታሽ እንደደረሳቸው ያሳውቁሻል፣ ከዚያ በ10 የሥራ ቀን መልስ ይሰጡሻል። መልሱ ካላጠገበሽ "ስቴጅ ቱ ይሁንልኝ" ትያለሽ፤ እሱ 20 የሥራ ቀን ነው። ማራዘም ይችላሉ፣ ግን ምክንያቱን ጽፈው ነው። ይህን በደግነታቸው አያደርጉትም፤ የቅሬታ አያያዝ ደንቡ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በሕግ የሚያስገድዳቸው ሆኗል። የሁለተኛው መልስ እጅሽ ሲገባ፣ ወይም ጊዜውን አሳልፈው ዝም ሲሉሽ፣ ሃውዚንግ ኦምቡድስማን ጋ ትሄጃለሽ። አገር ቤት እንባ ጠባቂ የምንለው ዓይነት ነው፣ ለቤት ብቻ የቆመ። ገንዘብ አይጠይቅም። ዱሮ በፓርላማ ተወካይ በኩል ካልሆነ ስምንት ሳምንት ጠብቂ ይባል ነበር፣ ያ ከ2022 ወዲህ ቀርቷል። ስለዚህ ለተወካይሽ ጻፊ፣ ግን የእሳቸውን መልስ ብለሽ አንድም ቀን አትጠብቂ።

2. ማስረጃ ሰብስቢ። ፎቶ አንሺ የሚለውን ሁሉም ይነግርሻል። እኔ የምልሽ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ሳቢና ጀርባውን አንሺ ነው፣ ሻጋታው እዚያ ነው የሚደበቀው። የተበላሸ ዕቃ ካለ ሳትጥዪ በፊት አንሺው፣ ደረሰኝ ካለሽ አስቀምጪ። እኔ የልጄን የጥምቀት ጥበብ ቀሚስ ነው ያገኘሁት፤ እናቴ ከሽሮ ሜዳ ገዝታ የላከቻት፣ ጥለቱ ሳይቀር ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቶ። ሦስቴ አጥቤዋለሁ፣ አልለቀቀም። ኦክሲክሊን፣ ሎሚ፣ በረኪና፣ ምንም።

ከዚያ ሰርቬየር (የቤት ጉዳት መርማሪ) ላኩ። ሰውዬው ጫማውን ሳያወልቅ ገባ፣ ይሁን። ሁለት ሹል መርፌ ያለው ትንሽ መሣሪያ አውጥቶ የልጄ አልጋ ራስጌ ግድግዳው ላይ ሰካው፤ መሣሪያው ጮኸ፣ ቀይ መብራት በራበት። ከፍ አድርጎ ወደ ጣራው ጥግ ሰካው፣ የባሰ ጮኸ። እኔ ውሃው ከላይ እንደሚመጣ ከሱ አፍ እጠብቃለሁ። እሱ ግን ወደ ወጥ ቤት ዞሮ ድስቴን አየ። ሽንኩርት እያቁላላሁ ነበር። "ብዙ ትቀቅላላችሁ አይደል? ልብስ የት ነው የምታሰጡት?" አለኝ። የላከው ሪፖርት ደግሞ ችግሩ ከአኗኗር የሚመጣ ጤዛ ነው፣ ተከራይዋ መስኮት እንድትከፍት ተመክራለች የሚል ነበር። በጃንዋሪ! ሠራተኛ መጥቶ ሻጋታውን በሚሸት ቀለም ሸፍኖት ሄደ፣ ሳይቆይ ከቀለሙ በላይ ተመልሶ ወጣ።

አንቺም "መስኮት ክፈቺ" ካሉሽ ይህን ያዢ፦ ኦምቡድስማኑ በ2021 ስለ እርጥበትና ሻጋታ ያወጣው ትልቅ ሪፖርት የሚነቅፈው ይህንኑ "አኗኗር" የሚሉትን ሰበብ ነው፣ ገና ከርዕሱ ጀምሮ። ስትጽፊ ጥቀሺው። እኔ ከጠቀስኩት በኋላ ስለ ድስቴ ያነሳብኝ የለም።

ወደ ቢሯቸውም ሄጃለሁ። ከመስታወት ጀርባ ያለችው ሴትዮ እንግሊዝኛ የማልሰማ ይመስል ቃል በቃል እየጎተተች ትጮህብኛለች። ቀጥላ እኔን ትታ ልጄን "ለእማማ ንገሪያት" አለቻት። እኔ በዚህ አገር የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሰው መድኃኒት በፊርማዬ እየሰጠሁ የምሠራ ሰው ነኝ። ልጄ አፈረች፣ በእኔ ይሁን በሴትዮዋ አላውቅም። መጨረሻ ላይ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ይህን ቤት የሚመኙ ስንት ሰዎች ተራ እየጠበቁ ነው፣ እድለኛ ነሽ።" ብዙ ሐበሻ ይህ ሲባል አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። እኔ "አሁን ያልሽኝን በኢሜይል ላኪልኝ፣ ስምሽንም ጻፊልኝ" አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ፣ ማናጀር ልጥራ አለች። ማናጀሩ መጥቶ ከአንገት በላይ ይቅርታ ጠየቀ። የዚያን ቀን ማታ የሆነውን ሁሉ በቀንና በሰዓት ጽፌ ከስቴጅ ቱ ቅሬታዬ ጋር አያያዝኩት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ነውና።

3. ይህን ከሁሉ በላይ ስሚኝ። "ስለ እኔና ስለ ቤቴ የያዛችሁትን መረጃ በሙሉ እፈልጋለሁ" ብለሽ ጠይቂ። ሰብጀክት አክሰስ ሪኩዌስት ይባላል፣ አንድ ኢሜይል ይበቃዋል፣ በነጻ ነው፣ በአንድ ወር ውስጥ መስጠት ግዴታቸው ነው። የጥገና መዝገቡን፣ የሰርቬየሩን ፎቶዎች፣ የስልክ ማስታወሻዎቹን ሁሉ ብለሽ ዘርዝሪ። እኔ ወፍራም ፋይል ነው የላኩልኝ፣ ግማሹ በጥቁር የተሰረዘ። እራት አብልቼ ልጆቹን ካስተኛሁ በኋላ ገጽ በገጽ አነበብኩት። መሀል ላይ አንድ የሥራ ተቋራጭ የጻፈው አጭር ማስታወሻ አለ፦ ከመኝታ ክፍሉ በላይ ያለው አሸንዳ ተሰብሯል፣ ውሃው በግድግዳው ውስጥ እየወረደ ነው፣ ለማደስ ስካፎልዲንግ (የብረት መወጣጫ) መትከል ያስፈልጋል። ከሥሩ የቢሮው ሰው "ወጪው እስኪፈቀድ ይቆይ" ብሎበታል። ቀኑን አየሁት። ያ ሰርቬየር ድስቴን ካየበት ቀን በፊት ነው።

ያውቁ ነበር ማለት ነው። እኔን በጃንዋሪ መስኮት አስከፍተው፣ ልጄ በኢንሄለር እየተነፈሰች፣ አሸንዳ መሆኑን ያውቁ ነበር። ስካፎልዲንግ ውድ ነው፣ ቀለም ርካሽ ነው፣ ነገሩ ይኸው ነው። ያቺን አንድ ገጽ ለኦምቡድስማኑ ላክኋት፣ የቀረው ክርክር በሷ አለቀ። ውሳኔው ሲመጣ ጥፋቱ የእነሱ ተባለ፣ አሸንዳው ተሠራ፣ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፉ፣ ካሳም ከፈሉ። ካሳውን እንኳ ወደ ኪራይ ሒሳቤ ሊያዞሩት ሞክረው ነበር፤ ውዝፍ የሌለብኝን ሴትዮ! የውሳኔውን ወረቀት መልሼ ላክሁላቸው፣ ለተከራይዋ በቀጥታ ይከፈል ይላልና። ደብዳቤውን ዛሬም ድረስ ከልጄ ሰርተፊኬቶች ጋር ነው ያስቀመጥኩት።

አንቺ ደግሞ ከእኔ የተሻለ ጊዜ ላይ ነሽ። የአዋብን ነገር ሰምተሽ ይሆናል። ሮችዴል ውስጥ የሱዳኖች ልጅ ነበር፣ የጎረቤቶቻችን፤ ሁለት ዓመቱ ነበር። አባቱ ስለ ሻጋታው አቤት ቢሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አሏቸው፣ የአኗኗራችሁ ነው ተባሉ፣ ልጁ በዲሴምበር 2020 ሞተ። በ2022 የሞቱን ምክንያት የመረመሩት ኮሮነር የገደለው የቤቱ ሻጋታ ያመጣበት የመተንፈሻ ሕመም ነው አሉ። በስሙ የወጣው ሕግ ከኦክቶበር 27፣ 2025 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ በማኅበራዊ ቤቶች ላይ እየተሠራበት ነው። አስቸኳይ አደጋ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ መርምረው አደጋውን ማስወገድ አለባቸው፤ ለጤና የሚያሰጋ እርጥበትና ሻጋታ ከሆነ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መርምረው፣ ውጤቱን በ3 የሥራ ቀን በጽሑፍ ሰጥተውሽ፣ ቤቱን ከአደጋ የሚያወጣውን ሥራ ምርመራው ካለቀ በ5 የሥራ ቀን ማድረግ አለባቸው። ካልቻሉ እስኪሠራ ድረስ በራሳቸው ወጪ ሌላ ማረፊያ ያቀርቡልሻል። ስለዚህ የመጀመሪያው ኢሜይልሽ ላይ "የአዋብ ሕግ" ብለሽ ጻፊ፣ የልጁን ዕድሜና ሳሉንም ጨምሪ። የጂፒ (የሠፈር ሐኪምሽ) ወይም የአስም ነርስ ደብዳቤ ካገኘሽ በጣም ጥሩ፣ አንዳንድ ጂፒ ያስከፍላል፣ ክፈዪ። ካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ያስገባችሁ ቴምፖራሪ፣ ማለትም ጊዜያዊ ቤት ውስጥ ያላችሁ ግን ይህ ሕግ በአብዛኛው አይነካችሁም፤ መንገዱ ሌላ ነው፣ የእህታችንን መልስ እንዳትገለብጡ።

ኪራይ መክፈል እንዳታቆሚ። "እስኪሠሩልኝ አልከፍልም" ብለው ፍርድ ቤት የቀረቡ ሰዎች አውቃለሁ፤ ባለ መብቱ ባለ ዕዳ ሆኖ ይቆማል። ደጅሽ መጥተው "ካሳ እናስወጣልሻለን፣ ካላሸነፍን አትከፍዪም" የሚሉትንም አትፈርሚላቸው፤ ፎርሙን ሳታነቢ ከፈረምሽ መውጫው ያስከፍላል። ጠበቃ ካስፈለገሽ በነጻ የሚያማክሩትን ሲቲዝንስ አድቫይስ ወይም ሼልተር ቀድመሽ ጠይቂ።

ስለ ዋናው በር፦ ለብቻው ሌላ ቅሬታ ክፈቺበት፣ ከሻጋታው ጋር አትቀላቅዪው። ሰዎቹ ባስቸገሩ ቁጥር ፖሊስ ጋ 101 ደውለሽ የሪፖርት ቁጥር ተቀበዪ፤ ሲያስፈራሩሽ ግን 999 ነው። ብዙ ካውንስሎች ጋ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ሪፖርት ተደርጎ ምንም ካልተደረገ "ኤኤስቢ ኬዝ ሪቪው" (የረብሻ አቤቱታ እንደገና እንዲታይ) መጠየቅ ትችያለሽ፤ ያኔ ፖሊሱም ካውንስሉም አከራዩም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ምን እንዳደረጉ ይጠየቃሉ። ደረጃው በፍራሽና በዕቃ ከተዘጋ ለለንደን ፋየር ብሪጌድም (ለእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ) ንገሪ፣ የማምለጫ መንገድ ነውና አይንቁትም። እዚሁ ለንደን የተቃጠለው የግሬንፌል ፎቅ ነዋሪዎች እሳቱ ከመነሳቱ በፊት ጽፈው አስጠንቅቀው ነበር። ጁን 14፣ 2017 ሰባ ሁለት ሰው አለቀ፣ የእኛም ሰዎች አሉበት። ስለዚህ "ይህስ ትንሽ ነገር ነው" ብለሽ አትተዪው።

የእናትሽ ጉዳይ ደግሞ ሌላ በር ነው፣ ሃውዚንግ ኦምቡድስማን አይመለከተውም። መጀመሪያ ሆስፒታሉ ውስጥ ፓልስ የሚባለው ቢሮ አለ፣ ቀላሉን እዚያ ይጨርሱታል። ካልሆነ ለሆስፒታሉ መደበኛ ቅሬታ ትጽፊያለሽ፣ እሳቸው ፈርመው ፈቃድ ይስጡሽ። ከሆነ በ12 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፣ በ3 የሥራ ቀን መቀበላቸውን ይነግሩሻል። መልሱ ካልተዋጠልሽ የጤናው ኦምቡድስማን አለ። ስትጽፊ "ለምን ታመሙ" ብለሽ ብቻ አትጠይቂ፣ የሚጨበጥ ነገር ጠይቂ፦ የመጀመሪያው ናሙና የተወሰደበት ቀን፣ የትኛውን አንቲባዮቲክ እንደወሰዱ፣ ተቅማጡ ከጀመራቸው በኋላ ለብቻ ክፍል የገቡበት ሰዓት። ከሆስፒታሉ ነው የያዛቸው ወይስ ከቤት ይዘውት መጡ የሚለው ክርክር በዋናነት በናሙናው ቀን ነው የሚታየው። አስተርጓሚ ማቅረብ የእነሱ ሥራ ነው፣ አንቺ እየተረጎምሽ የሐኪሙን ቃል አትሸከሚ። ቤት ውስጥ ደግሞ እጃችሁን በሳሙናና በውሃ ታጠቡ፤ ያ የእጅ ጄል የሲ ዲፍን ዘር አይገድልም። ይህን ሥራ ቦታ በየዓመቱ ነው የሚያሠለጥኑን፣ ግን ለጠያቂ ዘመድ የሚናገር የለም።

የመጀመሪያውን ኢሜይል በአማርኛ ጻፊውና በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ቅዳሜ ከሥራ ውጭ ነኝ፣ እመልስልሻለሁ። የቤት ቁጥርሽንና የልጁን ሙሉ ስም ግን እዚህ ግሩፑ ላይ እንዳትለጥፊ፤ ከጥያቄሽ ጋር የለጠፍሽው ፎቶ ላይ የሚታየውንም የፖስታ አድራሻ አጥፊው፣ አሁን ይነበባል።