የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ የሰሜን አየርላንድን ፖሊስና ፍትሕ ማን ይቆጣጠራል?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ አንድ ጉዳይ ላይ ያነጣጠሩ ናቸው። ስለዚህ አብሬ መለስኳቸው። ቀንና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቤልፋስት ከመጣሁ ገና ዓመቴ ነው። የመንግሥት አስተዳደር እማራለሁ። የሰሜን አየርላንድ ምክር ቤት ተዘግቶ ቆይቶ በ2007 እንደገና ሥራ ጀመረ። ፖሊስንና ፍትሕን ከለንደን የተረከበው ግን በ2010 ነው። በመሃል ምን ሲጠብቁ ነበር? ደግሞ አንድ ኮሚቴ ሥልጣኑ ሳይመጣ ሥልጣኑን ሲመረምር ቆየ ይባላል። ገና እጅ ያልገባ ነገር እንዴት ይመረመራል? እንደ ታናሽ ወንድምዎ ቆጥረው ያስረዱኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ወደ 1972 ልመልስህ። እስከዚያ ዓመት ድረስ ስቶርሞንት፣ ቤልፋስት ያለው የሰሜን አየርላንድ መንግሥት መቀመጫ ማለቴ ነው፣ የራሱ ፓርላማና የራሱ ፖሊስ ነበረው። ፓርላማው ለሃምሳ ዓመት ያህል ከዩኒየኒስቶች እጅ አልወጣም። ከብሪታንያ ጋር መቆየት የሚፈልጉት፣ አብዛኞቹ ፕሮቴስታንት የሆኑት ማለቴ ነው። ፖሊሱም በአብዛኛው ከእነሱ የወጣ ነበር። ብዙ ካቶሊክ ፖሊሱን እንደ ራሱ ፖሊስ አይቶት አያውቅም።

በጃንዋሪ 1972 የብሪታንያ ወታደሮች ደሪ ከተማ ውስጥ ሰልፈኞች ላይ ተኩሰው በዕለቱ 13 ሰው ገደሉ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤድዋርድ ሂዝ የጸጥታው ሥልጣን ወደ ለንደን ይምጣ አሉ። የስቶርሞንቱ መሪ ብራየን ፎክነር ይህን አልቀበልም ብለው ከነካቢኔያቸው ለቀቁ። ፓርላማው ታገደ፤ አገሩም በቀጥታ ከለንደን መተዳደር ጀመረ። አየህ፣ ያ መንግሥት የወደቀው ፖሊሱን ማን ይዘዘው በሚለው ጥያቄ ነው። ስለዚህ ከ35 ዓመት በኋላ ሥልጣን ሲመለስ ትምህርትና ጤና ቀድመው፣ ፖሊስ መጨረሻ ላይ ቢቀር አይግረምህ።

በመሃል ብዙ ነገር ተለውጧል። የ1998ቱ የሰላም ስምምነት ፖሊሱን የሚያጠና ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ በ1999 ዓ.ም. 175 የውሳኔ ሐሳቦች አቀረበ። በኖቬምበር 2001 የድሮው ፖሊስ ስሙን ለውጦ ዛሬ የምታየው የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ አገልግሎት ሆነ። ለአሥር ዓመት ያህልም ከአዲስ ምልምሎች ግማሹ ካቶሊክ እንዲሆን ተደረገ። በ2006 ምክር ቤቱን ወደ ሥራ የመለሰው የሴንት አንድሩስ ስምምነት መጣ። በጃንዋሪ 2007 ሺን ፌን፣ ከአየርላንድ ሪፐብሊክ ጋር መዋሐድን የሚሻውና አብዛኞቹ ደጋፊዎቹ ካቶሊክ የሆኑት ፓርቲ፣ በልዩ ጉባኤው ፖሊሱን ለመደገፍ ወሰነ። ይህ ውሳኔ ባይኖር የቀረው ሁሉ አይታሰብም ነበር።

አሁን ወደ ኮሚቴህ እንምጣ። ስሙ ረዘም ይላል፤ የምክር ቤቱና የአስፈጻሚው ግምገማ ኮሚቴ ይባላል። የለንደኑ ሕግ ምክር ቤቱ ሥልጣኑን ለመረከብ ያደረገውን ዝግጅት ከማርች 27 ቀን 2008 በፊት እንዲያሳውቅ አስገድዶ ነበር። ሥራው ለዚህ ኮሚቴ ተሰጠ። ፖሊሱን፣ ዐቃቤ ሕጉን፣ የፍርድ ቤት አስተዳደሩን እየጠራ ማብራሪያ ይሰማ ጀመር።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ነገር ነው። ሪፖርቶቹ ሲዘጋጁ ከነበሩት ሰብሳቢዎች አንዱ ከዩኒየኒስት ፓርቲዎች ትልቁ የነበረው የዲዩፒ አባል ጂሚ ስፕራት ነበሩ። ረጅም ዘመን ፖሊስ ሆነው ያገለገሉ፣ የፖሊሶችን ማኅበር የመሩ ሰው ናቸው። ምክትላቸው የሺን ፌኑ ሬይመንድ ማካርትኒ ነበሩ። እሳቸው በ1980 በሜዝ እስር ቤት የረሃብ አድማ ካደረጉት እስረኞች አንዱ ናቸው። ተፈርዶባቸው የነበረውን ፍርድ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2007 ሽሮታል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ዐቃቤ ሕግ ለማን ይጠየቅ እያሉ አጀንዳ ያወጡ ነበር። እኔ በቤልፋስት ፍርድ ቤቶች አስተርጓሚ ነኝ። ከዳኛው ፊት በቆመው ሰውና በከሰሰው መንግሥት መሃል ያለውን ፍርሃት በየቀኑ አያለሁ። ለዚህ ነው ያንን ቃለ ጉባኤ እንደ ተራ ወረቀት ማንበብ የማልችለው።

«ያልመጣ ነገር እንዴት ይመረመራል?» ላልከው፣ ቤት ከመረከብህ በፊት የመብራትና የውሃ ዕዳ አለበት ወይ ብለህ ትጠይቅ የለ? እንደዚያው ነው። ኮሚቴው የያዛቸው ጥያቄዎች ደረቅ ናቸው፤ ግን ሁሉም ሥጋና ደም አላቸው። ሚኒስትሩ አንድ ይሁን ወይስ ሁለት? ከየትኛው ወገን ይምጣ? ዐቃቤ ሕጉ በሚኒስትሩ ሥር ከገባ ፖለቲከኛ ክስ ውስጥ እጁን አያስገባም ወይ? ዕዳውስ ስንት ነው?

በ2008 ባወጡት ሪፖርት በቀኑ መስማማት አቃታቸው። የታሰበው ሜይ 2008ም እንዲሁ አለፈ። በጃንዋሪ 2009 ግን ጠንከር ያለ ሪፖርት ይዘው መጡ። ሚኒስትሩ አንድ ይሁን አሉ። በምክር ቤቱ ይመረጥ፤ ከሁለቱም ወገን ድጋፍ ያግኝ አሉ። ዐቃቤ ሕጉም ከሚኒስትር ትእዛዝ ውጪ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ይሁን አሉ። ሌሎቹ ሚኒስትሮች በፓርቲ ድርሻ ነው የሚከፋፈሉት፤ የፍትሑ ብቻ ለየት አለ። ለዚህ የሚሆነው ሕግ ለንደን ላይ የጸደቀው በማርች 12 ቀን 2009 ነው። በዚያው ሳምንት ታጣቂዎች ሁለት ወታደሮችንና አንድ ፖሊስ ገድለው ነበር። ሕጉ ያም ሆኖ አለፈ።

ገንዘቡ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። በአገልግሎት ላይ ሳሉ የመስማት ችሎታቸው የተጎዳ ፖሊሶች በሺዎች የካሳ ክስ አቅርበው ነበር። ለድሆች ጠበቃ የሚከፈለው የሕግ ድጋፍ በጀትም ከተያዘለት በላይ ይወጣ ነበር። ይህ ሳይነሳ ሥልጣኑን ቢረከቡ ኖሮ ዕዳው ከትምህርት ቤትና ከሆስፒታል ይቆረጥ ነበር። በኦክቶበር 2009 ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን 800 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የሚሆን ድጋፍ አቀረቡ። እርግጥ መዘግየቱ ሁሉ ከጥያቄ የመጣ አይደለም። ዲዩፒ ሕዝባችን ገና አልተዘጋጀም ይል ነበር፤ ፕሮቴስታንቶች በየዓመቱ የሚያደርጓቸው የአደባባይ ሰልፎች ጉዳይም ነበር። ያ የፖለቲካ ግብግብ ነው፤ እሱን ለኮሚቴው አላሸክመውም።

በፌብሩዋሪ 5 ቀን 2010 ዲዩፒና ሺን ፌን ሂልስቦሮ በሚባል ቦታ ተስማሙ። በማርች 9 ምክር ቤቱ 88 ለ17 በሆነ ድምፅ አጸደቀው። የተቃወሙት የሌላው ዩኒየኒስት ፓርቲ፣ የአልስተር ዩኒየኒስት ፓርቲ አባላት ነበሩ። በኤፕሪል 12 ሥልጣኑ ተላለፈ። በዕለቱም ከሁለቱም ጎራ ያልሆነው የአሊያንስ ፓርቲ መሪ ዴቪድ ፎርድ ሚኒስትር ሆነው ተመረጡ። ወንድሜ፣ ድርሰትህን ስትጽፍ ይህቺን አትርሳ፦ ጠያቂው ከተጠያቂው ቀድሞ ሥራ ጀምሮ ነበር። የፍትሕ ሚኒስትር ቢሮ ሲከፍት ምን እንደሚጠየቅ በጽሑፍ ተቀምጦ ጠበቀው።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ እንደምን አለሽ። እኔ የምፈልገው አጭር መልስ ነው። አሁን ያለው የምክር ቤቱ የፍትሕ ኮሚቴ የአንድን ሰው መዝገብ ሊያስከፍት ይችላል? ልጆቻችን ላይ ጥቃት ደርሶ ክስ አይመሠረትም ብንባል ለእነሱ እንጻፍ? የአራት ልጆች እናት ነኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ አይችልም። ባይችልም ጥሩ ነው። ፖለቲከኞች አንድን መዝገብ ክፈቱ ማለት ከቻሉ ዝጉ ማለትም ይችላሉ።

ኮሚቴው ሲቋቋም 11 አባላት ነበሩት። ሥራው ሚኒስትሩን መጠየቅ፣ በጀቱን ማየትና ረቂቅ ሕግ ሲመጣ አንቀጽ በአንቀጽ መመርመር ነው። ለረቂቁ 30 የሥራ ቀን ይሰጠዋል፤ ካልበቃው ያስረዝማል። ሰው የመጥራትና ሰነድ የማስቀረብ ሥልጣን አለው። ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ማለት በሕግ ያስቀጣል። ዳኛን ግን ጠርቶ ስለ ፍርዱ ማፋጠጥ አይችልም።

ስለዚህ በር አትሳቺ። ክስ አይመሠረትም ከተባላችሁ ዐቃቤ ሕጉ ውሳኔውን እንደገና እንዲያይ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ ጊዜው እንዳያልፍ ቶሎ ጻፉ። ቅሬታችሁ በፖሊሱ ጠባይ ላይ ከሆነ የፖሊስ እንባ ጠባቂ የሚባል መሥሪያ ቤት አለ። ከፖሊስ ውጪ የሆነ፣ ከ2000 ጀምሮ የሚሠራ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከት አለባችሁ። የፖሊስ አዛዡን በአጠቃላይ ሥራው የሚጠይቀው ደግሞ የፖሊስ ቦርዱ ነው፤ 10 የምክር ቤት አባላትና 9 ገለልተኛ ሰዎች ያሉበት።

ለኮሚቴው መጻፍ ያለባችሁ ችግሩ የአንድ ቤት ሳይሆን የብዙ ቤት ሲሆን ነው። አስተርጓሚ ስለማይገኝ ቀጠሮ እየተራዘመ ነው በሉ እንበል። እሱ የሚኒስትሩ ጉዳይ ነው፤ ኮሚቴውም ሊጠይቅበት ይገባል። አምስት እናቶች አንድ ላይ ብትፈርሙበት ደግሞ ይበልጥ ይሰማል።

ጥያቄ፦ ምክር ቤቱ በየጊዜው ይዘጋል። ያኔ ፖሊሱን ማን ይጠይቃል? የብሪታንያን የአገር ውስጥ ስለላ መሥሪያ ቤት ኤም አይ ፋይቭንስ? ከደሪ፣ የታክሲ ሹፌር።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሚያንገበግበኝ ነገር ላይ ነው የመጣኸው። ከጃንዋሪ 2017 እስከ ጃንዋሪ 2020 ምክር ቤቱ አልሠራም። ከማርች 2022 መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ 2024ም እንደዚያው። ምክር ቤት ከሌለ ኮሚቴ የለም። በመጀመሪያው ጊዜ የፖሊስ ቦርዱ እንኳ ፖለቲከኞቹን አጥቶ እስከ 2018 መጨረሻ ጎደሎ ሆኖ ቆይቷል።

ዋጋውን የከፈሉት ምስኪኖች ናቸው። እንግሊዝና ዌልስ የትዳር ጓደኛን እያስፈራሩና እየተቆጣጠሩ ማሰቃየትን በ2015 ወንጀል አደረጉት። እዚህ ረቂቁ ለምክር ቤቱ የቀረበው በ2020 ነው። ኮሚቴው መረመረው፤ በማርች 2021 ሕግ ሆነ፤ ሥራ ላይ የዋለው በፌብሩዋሪ 2022 ነው። በእነዚያ ዓመታት ስንት ሴት ሕጉ ስም ያልሰጠውን ግፍ ተሸክማ ኖራለች! ሥልጣኑን ከለንደን ለማምጣት ያን ያህል ከለፉ በኋላ ወንበሩን ባዶ መተው ይቅር የሚባል አይመስለኝም።

በኦገስት 2023 ደግሞ ፖሊሱ በስሕተት የ9 ሺህ 500 ገደማ ባልደረቦቹን ስም ይፋ አወጣ። ቦርዱ ያኔ ሥራ ላይ ስለነበር አዛዡን ጠርቶ ጠየቀ። በስቶርሞንት በኩል ግን ኮሚቴም ሚኒስትርም አልነበረም። ጉዳዩን በፓርላማ ደረጃ ያዳመጠው የለንደኑ የሰሜን አየርላንድ ጉዳዮች ኮሚቴ ነው።

ኤም አይ ፋይቭ ያልከው ጭራሽ አልተላለፈም። በ2010ም የብሔራዊ ደኅንነት ጉዳይ ለንደን ቀርቷል፤ የስቶርሞንቱ የፍትሕ ኮሚቴ ሊጠይቅበት አይችልም። ስለ እሱ የምትለው ካለህ ደብዳቤህን በለንደኑ ፓርላማ፣ በዌስትሚንስተር፣ ለሚወክልህ አባል ጻፍ።